ባምባሲ ላይ ጉርድ ፎቶ የተነሳው ብረት

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ወፍ ሳይንጫጫ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ከአሶሳ የተላከልኝ ሾፌር ሰይድ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፤ ፀሐይዋ ሳትቀድመን አዲስ ዓለምን ካላለፍን ነቀምቴ በጊዜ አንገባም» አለኝ። የያዝኩትን ሻይ ቆሜ ጨለጥኩና ወጣሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ያስጫንኩት መሣሪያ ግማሽ ማዳበሪያ ጤፍ ያህል ይከብዳል። በብረት ሆድ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ፣ ከተማርኩበት አገር ተሸክሜው የመጣሁ አሮጌ ሣጥን ነው።

ስለ እኔ ለማታውቁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተማርኩት አገሬ ውስጥ የሌለ ሙያ ነው። በደርግ ጊዜ ወደ ሶቭየት ኅብረት ተልኬ፣ የቀለጠ ብረት ሳያቋርጥ እየፈሰሰ እንደ ፍራሽ ወደ ወፈረ ረጅም ጥፍጥፍ እንዴት እንደሚለወጥ አጠናሁ። ባለሙያዎቹ ያንን ጥፍጥፍ ስላብ ይሉታል። የእኔ ድርሻ ደግሞ ስላቡ ገና እየፈሰሰ ሳለ እንከን ይኖረው እንደሆነ ቀድሞ ማወቅና መከላከል ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ ስላብ የሚያፈስ ፋብሪካ ቀርቶ ስላብ አይቶ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ታላቅ እህቴ እስከ ዛሬ «ዋና ተምራ ደረቅ መሬት ላይ የቀረች» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ አገር የተሠራ ብረት እየቆረጥኩ ስመረምር ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ሳምንት ግን ስልክ ተደወለ። የደወሉት የአሶሳው አዲስ ክልል የውሃ ቢሮ ኃላፊ አቶ ዘውዱ ናቸው። ባምባሲ ላይ ያቆሙት የብረት ታንከር ለሙከራ ውሃ ሲሞላ ማዕዘኑ ላይ ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። «ሁሉም ሰው በያጁን ነው የሚወቅሰው። አርብ ኮሚቴ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት መጥተው ይዩልን» አሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው።

አምቦ ላይ ፍርፍር በላን። ባኮ ላይ ሙዝ ገዛን። መንገዱ ከአምቦ በኋላ ወገብ ይፈትሻል። ሰይድ ጉድጓዶቹን በስም የሚያውቃቸው ይመስል አንዱን እያቆላመጠ አንዱን እየረገመ ይነዳል። ሰማዩ ደመና የለበትም፤ ሚያዝያ ነው፤ አቧራው ቅንድባችን ላይ ተቀምጧል። ነቀምቴ ስንገባ ከመኪናው ወርጄ ቀጥ ብዬ ለመቆም ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ማክሰኞ፤ ከነቀምቴ ባምባሲ

ጊምቢን በጠዋት አለፍን። ከቡናው ጥላ ስንወጣ ሰይድ ወሬ ጀመረ። የወሎ ልጅ ነው። በድርቁ ጊዜ ቤተሰቡ ከወሎ ተነሥቶ ባምባሲ አካባቢ ሲሰፍር እሱ ገና ጢም አላበቀለም ነበር።

«ታንከሩ ለከተማውም ለእኛ መንደርም ነው እትዬ። እናቴ አሁንም ጀሪካኗን አዝላ ወንዝ ነው የምትወርድ። ውሃ ሊሞላ ነው የተባለ ዕለት መንደሩ እንዳለ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ማዕዘኑ ጧ! አለ። ያረቢ፣ ያን ቀን የሰው ቅስም እንዴት እንደተሰበረ አይጠይቁኝ።»

«በያጁን ታውቀዋለህ?»

«አጣሂርን? ማን የማያውቀው አለ! የበርታ ልጅ ነው፣ ሱዳን ሄዶ ብየዳ ተምሮ የመጣ። ክልሉ ሲቋቋም ‹ሥራውን ለአገሩ ልጅ እንስጥ› ተብሎ የተሰጠው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ‹አይችልም፣ ከአዲስ አበባ ይምጣ› ያለ ሞልቶ ነበር። አሁን እነሱ ‹ብለን ነበር› እያሉ ነው። አጣሂር ጥፋተኛ ከተባለ እትዬ፣ እሱ ብቻ አይደለም የሚቀር። ከሱ በኋላ ለሚመጡትም በሩ ይዘጋል።»



ነጆን፣ መንዲን አለፍን። የዳቡስን ድልድይ ስንሻገር አየሩ ሞቀ፤ ቀርከሃው ከግራም ከቀኝም ጥቅጥቅ ብሎ ቆመ። የክልሉን ስም የያዘው ሰሌዳ ቀለሙ ገና ያብለጨልጫል፤ ቢነኩት እጅ ላይ የሚቀር ይመስላል። ባምባሲ ከሰዓት በኋላ ገባን። ገበያው ዳር «አከም ኦልተን!» ብላ በኦሮምኛ እንዴት ዋላችሁ ያለችን ሴት በአንድ ብር አንድ ሳፋ ማንጎ ስትሰጠኝ አዲስ አበባ ላይ የምከፍለውን አስቤ አፈርኩ።

ታንከሩ ከከተማው ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጧል። አራት ማዕዘን ነው፤ በወፍራም ላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ አንድ መለስተኛ ቤት የሚያህል። በምሥራቅ በኩል ከታች ማዕዘኑ ላይ የተከፈተው ስንጥቅ የጣቴን ጫፍ ያስገባል። ከሥሩ ውሃው የቦረቦረው መሬት አሁንም ይታያል።

አጣሂር እዚያው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶኝ እጄን ቶሎ አልለቀቀም።

«ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጣህ። ብዙ ሰው መጥቶ አየ። ሁሉም አየና ሄደ። አንተ አይተህ ንገረኝ። የእኔ ጥፋት ከሆነ ንገረኝ። የእኔ ካልሆነም ንገረኝ። ኸላስ፣ ሌላ አልፈልግም።»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ ይለኛል። እኔም የመጣልኝን ወድጄ ተቀበልኩ።

ተንበርክኬ ስንጥቁን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሰው ሁሉ ብየዳው ለቀቀ ያለው እውነት ይመስላል፤ ከሩቅ ላየው ስንጥቁ የብየዳውን መስመር ተከትሎ ነው የሄደው። ሲጠጉት ግን ብየዳው ላይ አይደለም። ከብየዳው ጎን፣ ላሜራው ውስጥ ነው። የተገነጠለው ፊት ደግሞ እንደተፈለጠ ማገዶ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ይህን የመሰለ ስብራት መጨረሻ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው።

አጣሂር ዓይን ዓይኔን ያያል። የጠረጠርኩትን ግን አልነገርኩትም። ጥርጣሬ ኮሚቴ ፊት አያቆምም፤ ሰውየውን ዛሬ አስደስቼ አርብ ባሳዝነው ደግሞ ራሴን ይቅር አልልም ነበር።

ማምሻውን ቤቱ ወሰደን። ባለቤቱ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበች። ሰይድ ቸኩሎ ከመሃሉ ጎረሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ከዳር ጀምር እንጂ!» ብላ ሳቀችበት። «መሃሉ እሳት ነው።»

ያን ጊዜ ትምህርቴን በሙሉ አንድ ሣህን ላይ አገኘሁት። «የእኔ ሙያ ይሄ ነው» አልኳቸው። «የቀለጠ ብረት ታች በሌለው የመዳብ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ዳር ዳሩ ይጠናና ቆዳ ያወጣል፤ መሃሉ ግን ገና ፈሳሽ ነው። በዚያው እንዳለ ወደ ታች ይጎተታል፤ ከጎንና ከጎን ውሃ ይረጭበታል፤ ቀስ በቀስ እስከ መሃሉ ይጠናል። ብረቱ ከዳር ወደ መሃል ሲጠና ያለበትን ቆሻሻ እየገፋ ወደ መሃል ይወስደዋል። በደንብ ካቀዘቀዙትና ካልቸኮሉ ቆሻሻው ይበተናል። ከቸኮሉ ግን መሃል ላይ ይከማቻል። ያ ስላብ ተዳምጦ ላሜራ ሲሆን ቆሻሻውም አብሮ ይዳመጥና በመሃሉ እንደ ስስ ወረቀት ይዘረጋል። ከላይ ሲያዩት ልስልስ ያለ ላሜራ ነው።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» አለ ሰይድ፣ ምላሱን እያራገበ።

ሁላችንም ሳቅን፤ አጣሂር ግን አልሳቀም። ገንፎውን ከዳር ቆርሶ መሃሉን ዝም ብሎ ያየው ጀመር።

ረቡዕ፤ አሶሳ

በጠዋት ወደ አሶሳ ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኝ ማንጎ ነው፤ ከተማው ደግሞ ሁሉም ነገር ገና ሊጀምር የተሰናዳ ይመስላል። ቢሮዎቹ የተከራዩአቸው ቤቶች ውስጥ ናቸው፤ አንዱ መምሪያ በአንዱ ሰው ሳሎን፣ ሌላው ጓዳ ውስጥ ይሠራል። አቶ ዘውዱን ያገኘኋቸው የልጆች ስዕል ያልጠፋበት ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነው። ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ድካም ፊታቸው ላይ የሚነበብ ሰው ናቸው።

«ሰውየውን ጠልቼው አይደለም» አሉኝ። «ታታሪ ነው። ግን መንጌ ላይ ሌላ ታንከር ልናቆም ነው፤ ላሜራው ነገ ይጫናል። ያ ደግሞ ቢሰነጠቅ የማን ያለህ ይባላል? አርብ ኮሚቴው ‹ይታገድ፣ ከአዲስ አበባ በያጅ ይምጣ› ሊል ተዘጋጅቷል። እኔም በባዶ እጄ ልከራከርለት አልችልም።»

«በባዶ እጅ አይሆንም» አልኩና መሣሪያዬን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። አንዲት አረንጓዴ መስመር ብልጭ አለች። ከዚያ ጠፋች። መታ መታ አደረግኩት፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ በሩሲያኛ ለመንኩት፣ በአማርኛ ተራገምኩ። የጊምቢ መንገድ ገድሎታል።

ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ማልቀስ ነበር የቀረኝ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዤ፣ መልሱን እያወቅኩ፣ ማሳየት ሊያቅተኝ ነው። ቀና ስል ከፊቴ ፎቶ ቤት አየሁ። ረጅም ሰልፍ አለው። አዲስ ክልል፣ አዲስ መሥሪያ ቤት፤ የሚቀጠረውም የሚዛወረውም ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል።

ያን ጊዜ የድሮ መምህራችን ትዝ አሉኝ። መሣሪያው ሳይፈጠር በፊት የነበሩ ሰዎች የብረትን ሆድ በፎቶ ወረቀት ያዩት እንደነበር አስተምረውናል። ወረቀቱ በቀጠነ አሲድ ይነከርና በለሰለሰ ብረት ላይ ይለጠፋል። ቆሻሻው ውስጥ ያለው ድኝ አሲዱ ሲነካው ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ቆሻሻው የት እንዳለ ራሱ ይጽፋል።

ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። «ወረቀት እፈልጋለሁ፤ ሳይታጠብ፣ ብርሃን ቢነካውም ግድ የለም» አልኩት ፎቶ አንሺውን።

«ማን ነው የሚነሳው?»

«ብረት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጉርድ ነው ወይስ ሙሉ ቁመት?»

«ጉርድ።»

«ለመታወቂያ ይሆናላ» አለና ወረቀቱን፣ ምስሉ እንዳይጠፋ ከሚያጸናው ከማጽኛ ፈሳሹ ጋር አስታቅፎ ሰጠኝ። አሲዱን ሰይድ ከባትሪ ሠሪ አመጣልኝ። እየቀላቀልኩ ሳለ ሁሉም ሰው ዙሪያዬን ከቦ ይመክረኝ ነበር።

ባምባሲ ስንመለስ አጣሂር ጠዋት ለምርመራ ብዬ በነገርኩት መሠረት ከምሥራቁ ግድግዳ አንድ፣ ከምዕራቡ አንድ ቁራጭ በእጅ መጋዝ ቆርጦ ጨርሷል። የሁለቱንም የተቆረጠ ፊት በሞረድ አስተካክሎ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ወረቀቱን ቀድሜ የምዕራቡ ላይ ለጠፍኩ። ጥቂት ቆይቼ ሳነሳው ሐመር ያለ፣ እኩል የተበተነ ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ነው የወጣው። ደህና ብረት ነው። ከዚያ የምሥራቁ ላይ ለጠፍኩ። አጣሂር አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

ወረቀቱን ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር፣ ልክ በመሃሉ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ስንጥሩ ነው። ማዕዘኑ ላይ አንዱን ላሜራ በሌላው ላይ በየድከው። ውሃው ሲገፋ ብየዳው ያዘ፤ ላሜራው ግን በዚህ መስመር ላይ ለሁለት ተላጠ።»

«እኔ ሳልነካት በፊት ነበረች?»

«መርከብ ላይ ሳይጫን በፊት ነበረ።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰይድ ወደ መኪናው ሄዶ የሚሠራ መሰለ። እኔም ወረቀቱን ማጽኛው ውስጥ ማገላበጥ ያዝኩ።

ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ። «የእኔ ጥፋት ምንም የለበትም?»

ይህን ባይጠይቀኝ በወደድኩ። ግን ሰውየው ከመጀመሪያው የለመነኝ እውነቱን ነው። «አንድ ቦታ አለ» አልኩት። «በሰሜኑ ማዕዘን ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ አየሁ። የበየድክበት ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ርጥበት ነበረው። ዛሬ አይሰነጠቅም፤ ግን ማንጠብጠቡ አይቀርም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ዝናብ ነክቷት ነበር። ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ በቃ ደረቀ አልኩ። ማዕሌሽ፣ ይቅርታ። እሱን አፍርሼ እሠራለሁ።»

«እሳት አጠገብ ነው የሚደርቀው፣ ፀሐይ አይበቃውም።»

«እሺ። እሳት አጠገብ።»

ከዚያ አንድ የገረመኝን ነገር ጠየቅሁት። በየላሜራው ጥግ ላይ ከየትኛው ስላብ እንደወጣ የሚናገር ማህተም ተመትቷል። የምሥራቁ ግድግዳ ላሜራዎች ማህተማቸው አንድ ዓይነት ነው። የሌሎቹ ሦስት ግድግዳዎችም እንደዚሁ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ላሜራ ደግሞ ከመኪና ሲወርድ ተደባልቆ ነው የሚመጣው።

«እኔ ነኝ የለየሁት» አለ። «አባቴ የቀርከሃ ቤት ሠሪ ነበር። ከአንድ ሥር የበቀለ ቀርከሃ በአንድ ግድግዳ ይቆማል ይል ነበር። እኩል ይደርቃል፣ እኩል ይሸመቃቃል፣ ግድግዳው አይጣመምም። ላሜራው ላይ ቁጥር አየሁ። ይሄም ከአንድ ሥር ነው አልኩ። አንድ ላይ አቆምኩ።» ፊቱ ጨለመ። «ጥፋት ነው?»

ምን ልበለው? ብረት እንደ ቀርከሃ አይደርቅም፤ መለየቱ ለግድግዳው ምንም አልጠቀመም። እንዲያውም ታማሚውን ላሜራ ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ የውሃውን ጉልበት ሁሉ በዚያ ማዕዘን ላይ ጣለው። ቢደባልቀው ኖሮ ግን ክፉው ላሜራ በአራቱም ግድግዳ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ሳይሆን ነገ፣ አንዱ ማዕዘን ሲጠገን ሌላው እየተላጠ፣ ታንከሩ ጨርሶ ይጣል ነበር።

«የሚሰነጠቀውን አንድ ቦታ ሰበሰብከው» አልኩት። «ስለዚህ የምናፈርሰው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። አባትህ ብረት አያውቁም፤ ግን ሦስት ግድግዳ አተረፉልን።»

በዚያን ዕለት መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ኢንጂነር» አለኝ፣ «ይሄን ብረት ያፈሰሰው ሰው፣ ያኔ አላወቀም?»

«ማወቅ ይችላል። ሥራው ያ ነው። ብረቱ በምን ፍጥነት እንደተጎተተ፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ውሃው በበቂ እንደተረጨ ያያል። ፈጥኖ ከሄደ፣ ይሄ መሃሉ ደህና አይሆንም ይላል። ያን ስላብ ለይቶ ያስቀምጠዋል፣ መልሶ ያቀልጠዋል።»

«ታዲያ ለምን ላከው?»

«እንጃ። ሥራ ተጣድፎበት ይሆናል። ሩቅ የሚሄድ ነው ብሎም ይሆናል።»

«ሩቅ» አለ አጣሂር። ዝቅ ብሎ የመጋዙን ብናኝ ከሱሪው ላይ አራገፈ። «እኛን ሁሉም ሰው ሩቅ ይለናል።»

ሐሙስ፤ እንደገና አሶሳ

ሌሊቱን የመንጌው ላሜራ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጠዋት ከአጣሂር ጋር ላሜራው ያለበት መጋዘን በር ላይ ስንደርስ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ሰይድ ክላክሱን እያጮኸ መኪናችንን ፊቱ ገተረው። የጭነት ሾፌሩ ወርዶ እናታችንንም አባታችንንም እያነሳ ሰደበን። እኔ መልስ ሳልሰጥ መኪናው ላይ ወጣሁና በቀሚሴ ጫፍ አቧራውን እየጠረግኩ ማህተሞቹን አየሁ። ከላይ ያሉት ሌላ ናቸው። ከሥር ያሉት አራቱ ግን የምሥራቁ ግድግዳ ወንድሞች ናቸው።

አቶ ዘውዱ ጫጫታውን ሰምተው ሲመጡ፣ «እነዚህ አራቱ ይወረዱ፤ ይሰነጠቃሉ» አልኳቸው።

«ገና ሳይበየዱ?»

«ገና ሳይበየዱ።»

ወንድ ልጅ ሲያፍጥ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ወደ አጣሂር ዞሩ። አጣሂር መጋዙን ይዞ ነው የመጣው። ከአራቱ የአንዱን ጫፍ ቆረጠ፤ አለሰለሰ፤ ወረቀቱን እኔ ለጠፍኩ። ፎቶ አንሺውም ሰልፉን ትቶ መጥቶ ከትከሻዬ በላይ ይመለከታል። ወረቀቱ ሲነሳ ያው ጥቁር መስመር በመሃሉ ተጋድሟል።

«ደግሞ ቁርጥ ወንድሙን ይመስላል» አለ ፎቶ አንሺው።

አቶ ዘውዱ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ቆዩ። «ከአዲስ አበባ በያጅ ባመጣ ኖሮ…» ብለው ጀመሩ።

«እሱም ይሰነጠቅበት ነበር።»

«እኛም ሌላ በያጅ እንፈልግ ነበር» አሉ በቀስታ። ከዚያ ወደ አጣሂር ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። አጣሂር መጀመሪያ መዳፉን ልብሱ ላይ ጠርጎ ነው የጨበጣቸው።

አርብ ኮሚቴው ሲቀመጥ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩና የገንፎውን ነገር ደግሜ አስረዳሁ። የሰሜኑን ማዕዘን ጉድለትም ሳልሸሽግ ተናገርኩ፤ አጣሂር ራሱ ተነሥቶ «እሱ የእኔ ነው፣ እሠራዋለሁ» አለ። የምሥራቁ ግድግዳ በተመረመረ ላሜራ እንዲለወጥ፣ ሥራውም በአጣሂር እጅ እንዲቆይ ተወሰነ። እኔም እስኪያልቅ ድረስ ልቆይ ወሰንኩ፤ ላቦራቶሪው ያለ እኔ አይፈርስም።

በሳምንቱ ሐሙስ፤ ባምባሲ

አዲሱ ግድግዳ ተበይዷል፣ የሰሜኑም ማዕዘን ፈርሶ ተሠርቷል፤ ውሃው ከጠዋት ጀምሮ እየገባ ነው። ከተማውም መንደሩም ወጥቷል፤ ግን ሁሉም ራቅ ብሎ ከማንጎዎቹ ጥላ ሥር ቆሟል። አንዴ የተቃጠለ ሰው ነው። የሰይድ እናት ባዶ ጀሪካናቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከፊት ቆመዋል።

አጣሂር በርጩማውን አንሥቶ ሄደና በምሥራቁ ግድግዳ ማዕዘን ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ኧረ ተነሥ፣ አንተ ሰው!» ጮኹ አቶ ዘውዱ።

«ባለፈውም እዚህ ነበርኩ» አለ ሳይዞር። «ስትፈርስ ውሃዋ መጀመሪያ የመታው እኔን ነው። ዛሬም መጀመሪያ እኔን ይምታ።»

ይይዛል ብዬ ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሙያዬ በሙሉ፣ ነገሩ ከመሆኑ በፊት መናገር ነው፤ ተናግሮ ዛፍ ሥር መቆም ደግሞ አላማረኝም። አንድ ባልዲ ደፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፈርቻለሁ። ቢሆንም አልተነሣሁም።

«መዳፍህን አድርግ» አልኩት። ላሜራው በፀሐይ ግሏል፤ ውሃው የደረሰበት ድረስ ግን ይቀዘቅዛል። እጁን ከእጄ አጠገብ አደረገ። ቅዝቃዜው ጉልበታችን ጋ ነው። እጃችንን ትንሽ ከፍ አደረግን፤ ትኩስ ነው። ጠበቅን፤ ቀዘቀዘ። እንደገና ከፍ አደረግን። ቅዝቃዜው ባለፈው ጊዜ ጧ ያለበት ከፍታ ላይ ሲደርስ አጣሂር ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በአረብኛ ይጸልያል። ቅዝቃዜው ደረታችን ጋ ደረሰ። ትከሻችንን አለፈ። ተነሥተን ቆምን፤ ክንዳችንን ዘረጋን፤ ከዚያ በላይ አልደረስንበትም።

ማዕዘኑ ደረቅ ነው። አንድም ጠብታ የለም።

አጣሂር ግንባሩን ላሜራው ላይ አስደግፎ ቆመ። «ኢንጂነር» አለኝ፣ «ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ነው።» እኔም እንባዬን በአቧራማ እጄ ስጠርግ ፊቴን ሁሉ ጭቃ አደረግኩት። የመጀመሪያውን ጀሪካን የቀዱት የሰይድ እናት ናቸው። ከውሃው በእፍኛቸው ቀድተው እኔን አስታጠቡኝ።

እሑድ፤ አዲስ አበባ

ስመለስ አሶሳ ጎራ ብዬ ፎቶ አንሺውን ተሰናበትኩት። መስኮቱ ላይ ከሙሽሮችና ከአዳዲስ ሠራተኞች መካከል የምሥራቁ ግድግዳ ጉርድ ፎቶ ከነጥቁር መስመሩ ተሰቅሏል። የሚጠይቀው ሁሉ «ይሄ ማነው?» ሲለው፣ «ሰው ያሳማ ነው» እያለ ይመልሳል አሉ።

በዳቡስ፣ በጊምቢ፣ በአምቦ አድርገን፣ ሰይድ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየተሰናበተ፣ እሑድ ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። የሁለት ቀን አቧራዬን ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍተው ፉጨት ብቻ ወጣ። ውሃ ሄዷል። ባልዲዬን አንጠልጥዬ ወደ ጎረቤቴ ስሻገር በር ላይ አገኘችኝ።

«እንኳን ደህና ገባሽ! ይሄን ያህል ጊዜ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«ውሃ ሳስሞላ» አልኳት። ባዶ ባልዲዬን አይታ በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም አብሬአት ሳቅሁ።